ፈጣሪ ካልተከሰሰ ማን ይጠየቃል? ክፋትና ሥቃይ በቡድሃ ትምህርት

ክቡራትና ክቡራን፣

ክፋት በዓለም ላይ ለምን ኖረ የሚለው ጥያቄ በአንድ አምላክ በሚያምኑ ሃይማኖቶች ዘንድ የታወቀ መልክ አለው። አምላክ ሁሉን ቻይ፣ ሁሉን አዋቂና ፍጹም ቸር ከሆነ፣ ሕፃን በበሽታ ሲማቅቅ፣ ንጹሕ ሰው በግፍ ሲገደል ለምን ዝም ይላል? ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ የጮኸው ስለዚህ ነው፤ ከእርሱ ወዲህ የመጡ ፈላስፎችና የነገረ መለኮት ሊቃውንትም ሲከራከሩበት ኖረዋል። የቡድሃን ትምህርት ከሩቅ የሚያውቁ ብዙ ሰዎች ይህ ጥያቄ ቡድሂዝምን እንደማይነካው ይናገራሉ፤ ቡድሂዝም ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብሎ ስለማያስተምር የሚከሰስም ጠበቃ የሚቆምለትም የለም ይላሉ። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ አባባል ግማሹን እውነት ብቻ የያዘ መሆኑን ነው። ፈጣሪ ከክርክሩ ሲወጣ ጥያቄው አብሮት አይወጣም፤ የሰው ሥራ ፍሬውን መልሶ ያመጣበታል ወደሚለው የካርማ ሕግ ይዞራል፣ ሲዞርም የራሱን አደጋ ይዞ ይመጣል። አደጋው የሚሠቃየውን ሰው ራሱን ጥፋተኛ ማድረግ ነው። የቡድሃ ጥንታዊ ንግግሮች ይህን አደጋ አይተው አጥር አጥረውበታል፤ ከተከታዮቹ መካከል ግን አጥሩን ደጋግመው ያፈረሱ ነበሩ፣ አሁንም አሉ።

ሲድሃርታ ጎታማ፣ በኋላ ቡድሃ ተብሎ የተጠራው መምህር፣ የኖረውና ያስተማረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ በሰሜን ሕንድ በጋንጅስ ወንዝ ሜዳ ነው። ዘመኑ የክርክር ዘመን ነበር፤ ከአገር አገር የሚዞሩ መናንያን ስለ ነፍስ፣ ስለ ዕጣ ፈንታና ስለ ሥቃይ ምንጭ በአደባባይ ይሟገቱ ነበር። በፓሊ ቋንቋ ተጠብቀው ከደረሱን ንግግሮች በአንዱ ቡድሃ ሦስት አመለካከቶችን ለይቶ ይነቅፋል። አንደኛው ሰው የሚያገኘው ደስታም ሥቃይም ሁሉ ቀድሞ ከሠራው ሥራ የመጣ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሁሉም ከታላቁ ጌታ ፈጠራ የመጣ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ሁሉም ያለ ምክንያት የሆነ ነው ይላል። ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ ከሆነ ነፍሰ ገዳዩ የሚገድለው፣ ሌባው የሚሰርቀው፣ ሐሰተኛው የሚዋሸው በቀደመ ሥራው ወይም በጌታው ፈጠራ ወይም በአጋጣሚ ነው ማለት ነው፤ ይህን የተቀበለ ሰው ደግሞ ይህን ማድረግ ይገባኛል፣ ያን ግን አይገባኝም የሚልበት መሠረት ያጣል። በዚህ ክርክር ውስጥ አጥብቄ የማተኩረው በመጀመሪያው አመለካከት ላይ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የቡድሂዝም ዋና ትምህርት ነው ብሎ የሚያስበው፣ የሚደርስብህ ሁሉ የቀድሞ ሥራህ ፍሬ ነው የሚለው አባባል፣ ቡድሃ ራሱ ከስሕተቶች ተርታ ያስቀመጠው ነው።

በፈጣሪ ላይ የሚቀርበውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ለቡድሂስቶች ከባዱ ጥያቄ እርሱ ስላልሆነ። በጥንቶቹ ንግግሮች ውስጥ አማልክት አሉ፤ ታላቁ ብራህማም አለ። ነገር ግን ብራህማ ዓለም እንደገና ስትዘረጋ ከሁሉ ቀድሞ የተገኘ ፍጡር እንጂ ፈጣሪ አይደለም፤ ብቻውን ሆኖ ጓደኛ ሲመኝ ሌሎቹ በራሳቸው ምክንያት ሲመጡ አየና እኔ ፈጠርኳቸው ብሎ አመነ ይላል ትረካው። የቡድሃን የቀድሞ ሕይወቶች ከሚተርኩት የጃታካ ታሪኮች በአንዱ ደግሞ የኢዮብን ጥያቄ የሚመስል ግጥም እናገኛለን፤ ብራህማ የዓለሙ ሁሉ ጌታ ከሆነ ፍጥረቱን ለምን ለመከራ ዳረገ፣ ለምንስ ለሁሉም ደስታን አልሰጠም ብሎ ይሞግታል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ቫሱባንዱና ዳርማኪርቲን የመሰሉ ሊቃውንት ይህን ክርክር በሥነ አመክንዮ አጠንክረው ጽፈውበታል። እንግዲህ የክፋት ጥያቄ በቡድሂስቶች እጅ በመጀመሪያ የማጥቂያ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል። መሣሪያው ወደ ራሳቸው ሲዞር ምን ይላሉ የሚለው ነው እኛን የሚያሳስበን።

ክፋት ምንድን ነው ለሚለው የሰጡት መልስ ግልጽ ነው። ክፉ ሥራ ከሦስት ሥሮች ይበቅላል፤ እነርሱም ስስት፣ ጥላቻና አለማስተዋል ናቸው። የእነዚህ ተቃራኒዎች፣ ማለትም ለጋስነት፣ ርኅራኄና ማስተዋል፣ የመልካም ሥራ ሥሮች ናቸው። ሥራን ሥራ የሚያሰኘውም ውስጣዊው ፈቃድ ነው፤ ቡድሃ ካርማ የምለው ፈቃድን ነው፣ ሰው ከፈቀደ በኋላ በአካሉ፣ በአንደበቱና በልቡ ይሠራልና ብሎ ማስተማሩ በፓሊ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ይህ ለዘመኑ ከባድ ለውጥ ነበር። የዘመኑ ሌላ የሕንድ ሃይማኖት ከሆነው ከጄይኒዝም መናንያን ጋር የነበረው ልዩነት በአንድ በኩል እዚህ ላይ ነበር፤ እነርሱ በአካል ለሚፈጸመው ድርጊት፣ ሳያስቡ ለሚረግጡት ነፍሳት እንኳ፣ ትልቅ ክብደት ይሰጡ ነበር። ክፋት በፈቃድ ውስጥ ካለ ግን ከሰው ባሕርይ ጋር አብሮ የተፈጠረ ነገር መሆኑ ይቀራል፤ ሁኔታዎች ሲገጣጠሙ የሚነሣ፣ ሁኔታዎቹ ሲቋረጡም የሚከስም ነገር ይሆናል። እኔ በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ በላይ ተስፋ የማይበት ቦታ ይህ ነው፣ ምክንያቱም በፍጥረቱ ክፉ የሆነ፣ ሊለወጥ የማይችል ሰው አለ ለማለት ምንም ቀዳዳ አይተውም።

ይህ ለፈታኙ ለማራም ይሠራል። ቡድሃ ቦድ ጋያ በሚባለው ቦታ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ እውነትን ሲፈልግ ሊያስቆመው የመጣው ማራ ነው፤ ከጥንታዊ ግጥሞች አንዱ የማራን ሠራዊት ክፍለ ጦር በክፍለ ጦር ሲቆጥር የመጀመሪያው የሥጋ ምኞት ነው፣ ከዚያም አለመርካት፣ ረኃብና ጥም፣ የማይጠግብ ጉጉት፣ ታካችነት፣ ፍርሃት፣ ጥርጣሬ፣ ግብዝነትና እልከኝነት እያለ ይቀጥላል። በዚህ ሠራዊት ውስጥ ሰይፍ የያዘ የለም፤ ሁሉም ሰው በራሱ ልብ የሚያውቃቸው ናቸው። ማራ በብዙ ትረካዎች ወደ መነኮሳትና ወደ መነኮሳይያት ይመጣል፤ ማራ ሆይ፣ አውቄሃለሁ ሲሉት ግን አዝኖ ይሰወራል። ከቡድሃ ዋና ደቀ መዛሙርት አንዱ የሆነው ሞጋላና ደግሞ በአንድ ንግግር ማራን ፊት ለፊት ይዞት፣ እኔም በጥንት ዘመን እንዳንተው ማራ ነበርኩ ይለዋል። ቅዱስ የተባለው ሰው የትላንቱ ፈታኝ ነበር ማለት ነው። ማራነት ሰው የሚይዘውና የሚለቀው ሥፍራ እንጂ ዘላለማዊ ባሕርይ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ አጥብቆ የሚናገር ትረካ አላውቅም።

እስካሁን ያልነው ሰው በሰው ላይ ስለሚፈጽመው ክፋት ነው። ያለ ማንም ክፉ ፈቃድ የሚመጣው ሥቃይስ? ሲቫካ የሚባል ተቅበዝባዥ መናኝ ወደ ቡድሃ መጥቶ፣ ሰው የሚሰማው ማንኛውም ደስታና ሥቃይ ከቀደመ ሥራው የመጣ ነው የሚሉትን እንዴት ታያቸዋለህ ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ የሐኪም መልስ ይመስላል። አንዳንዱ ሕመም ከሐሞት ይመጣል፣ አንዳንዱ ከአክታ፣ አንዳንዱ ከነፋስ፣ አንዳንዱ ከሦስቱ መቃወስ፣ አንዳንዱ ከአየር መለዋወጥ፣ አንዳንዱ ራስን ካለመጠበቅ፣ አንዳንዱ ከሌላ ሰው ጥቃት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከካርማ ፍሬ ይመጣል፤ ይህንንም ሰው በራሱ ሊያውቀው ይችላል፣ ዓለሙም የሚስማማበት ነው፤ ሁሉም ከቀድሞ ሥራ ነው የሚሉት ሰዎች ግን ራሳቸው ከሚያውቁትም ዓለም ከሚስማማበትም አልፈው ሄደዋል ይላል። ካርማ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ከስምንት ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነው፣ የተቀመጠውም መጨረሻ ላይ ነው። በኋላ የተነሡ አንዳንድ አስተማሪዎች ሰባቱን ሁሉ መልሰው በስምንተኛው ሥር ለማስገባት ጥረዋል፤ ጽሑፉ ግን እንደተጻፈ ሲነበብ ይህን አይፈቅድም። መርዝ በተቀባ ቀስት ተወግቶ ሳለ የወጋኝ ሰው ስሙና ዘሩ ካልተነገረኝ ቀስቱ አይነቀልልኝም ስለሚለው ሰው የተነገረው ምሳሌም ከዚህ ጋር ይስማማል። ማሉንክያፑታ የተባለው መነኩሴ ዓለም ዘላለማዊ ናት ወይስ አይደለችም የሚለው ካልተመለሰልኝ ምንኩስናዬን እተዋለሁ ባለ ጊዜ የተሰጠው መልስ ነበር፤ ቁስለኛው መልሱ ሳይመጣ ይሞታል፣ አስቸኳዩ ሥራ ቀስቱን መንቀል ነው።

በሰፊው የሚታወቀው የኪሳ ጎታሚ ታሪክም በዚህ ዓይን ቢነበብ ደስ ይለኛል። ልጇ የሞተባት እናት ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን ወደ ቡድሃ ትደርሳለች፤ እርሱም ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት የሰናፍጭ ዘር እንድታመጣ ይልካታል። ዘሩ በየቤቱ አለ፣ ሞት ያልጎበኘው ቤት ግን የለም። ብዙ ጊዜ የሚነገርለት ሞት የሁሉም መሆኑን ስላስተማራት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ያልተነገራት ነገር ነው። ልጅሽ የሞተው በቀድሞ ሕይወቱ ኃጢአት ስለነበረው ነው አላላትም፤ አንቺም ልጅ ያጣሽው የቀድሞ ዕዳሽን ስትከፍዪ ነው አላላትም። ያዘነችውን ሴት ወደ ሌሎች ያዘኑ ሰዎች ደጅ ላካት። እርግጥ ነው፣ ሐቁን ለመናገር፣ ከዚህ የሚቃረኑ ታሪኮችም በትውፊቱ ሞልተዋል። ዳማፓዳ በተባለው የቡድሃ ጥቅሶች ስብስብ ማብራሪያ ላይ ዓይነ ስውሩ መነኩሴ ቻኩፓላ ዓይኑ የጠፋው በቀድሞ ሕይወቱ ሐኪም ሳለ አንዲት ሴት ሆን ብሎ ስላሳወረ ነው ይባላል። ሱባ ለተባለ ወጣትም ቡድሃ ራሱ፣ ዕድሜው ያጠረ፣ ደዌ የበዛበት፣ ድሃ የሆነ ሰው ወደዚያ ያደረሰው የቀድሞ ሥራው መሆኑን ይነግረዋል። ይህን ንግግር ደብቆ ቡድሂዝምን ማሳመር ተገቢ አይመስለኝም። ሆኖም አነጋገሩን አስተውሉ፤ መግደል ወደ አጭር ዕድሜ የሚወስድ መንገድ ነው፣ ንፉግነት ወደ ድህነት የሚወስድ መንገድ ነው እያለ ለሚሰማው ወጣት ወደ ፊት የሚሄድበትን ጎዳና ያሳየዋል። ድሃውን ጠርቶ በድህነቱ አይወቅሰውም።

የጀርመኑ የማኅበረሰብ ሊቅ ማክስ ቬበር የካርማን ትምህርት ለመከራ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ በአወቃቀሩ የተሟላው ነው ብሎ ነበር። በእርግጥም በወረቀት ላይ ያለ ቀሪ ይደመራል፤ እያንዳንዱ ሥቃይ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ፍትሐዊ ነው። ግን ይህ ሙሉነቱ ራሱ ያስፈራኛል። ሥቃይ ሁሉ ፍትሐዊ ከሆነ በዓለም ላይ ግፍ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፤ የተደፈረችው ሴት፣ የተራበው ሕፃን፣ በባርነት የተሸጠው ሰው ሁሉም የሚገባቸውን አገኙ ማለት ነው። በዳዩም ቢሆን የፍርድ አስፈጻሚ ይመስላል። ሰው የቀድሞ ሕይወቱን አያስታውስም፤ ያላስታወሰውን ጥፋት ቅጣት ሲቀበል ከቅጣቱ ምን ሊማር ይችላል? ቡድሂዝም ዘላለማዊ ነፍስ የለችም ብሎ ስለሚያስተምርም ጥያቄው ይከብዳል፤ የሠራው ሰውና ፍሬውን የሚቀበለው ሰው አንድ ነው እንዳይል ቋሚ ማንነትን ይክዳል፣ ሌላ ነው እንዳይል ደግሞ ፍትሕ ይጠፋል። ጽሑፎቹ አንድም አይደለም ሌላም አይደለም ብለው በሁኔታዎች ሰንሰለት ቀጣይነቱን ያስረዳሉ። ለሥነ ምግባር የሚበቃ መልስ ነው፤ ለመከራ ማመካኛ ግን የሚበቃ አይደለም። ቡድሃ የካርማን ፍሬ ዝርዝር አሠራር ሊታሰቡ ከማይገባቸው አራት ነገሮች አንዱ ማድረጉ፣ ይህን ለመመርመር የሚደክም ሰው እብደትና ጭንቀት ያተርፋል ማለቱም ለዚህ ይመስለኛል። የጎረቤትን የካርማ ሒሳብ ለመሥራት የሚነሣ ሰው በመምህሩ የተከለከለ ሥራ ላይ ነው ያለው።

ይህ ክልከላ ሲጣስ የሚደርሰውን ታሪክ አሳይቶናል። በጃፓን ከእንስሳት እርድና ከቆዳ ሥራ ጋር በተያያዘ ለዘመናት ሲገለሉ የኖሩ፣ ቡራኩሚን የሚባሉ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ፕሪንስተን በተደረገ ዓለም አቀፍ የሃይማኖቶች የሰላም ጉባኤ ላይ ሶቶ ዜን የተባለው የጃፓን የቡድሂዝም ቤተ እምነት አንድ ከፍተኛ መሪ በአገራቸው እንዲህ ያለ መድሎ የለም ብለው ተናገሩ፤ ተቃውሞ ሲነሣ ቤተ እምነቱ ራሱን መመርመር ግድ ሆነበት። በየቤተ መቅደሱ መዝገብና በመቃብር ድንጋዮች ላይ ለእነዚህ ሰዎች የተሰጡ አዋራጅ የሙት ስሞች ተገኙ፤ መገለላቸው የቀድሞ ሕይወታቸው ፍሬ ነው የሚል ስብከትም ለረጅም ጊዜ ሲሰበክ እንደኖረ ታመነ። በሕንድ ደግሞ ቢምራኦ አምቤድካር አሉ። የማይነኩ ከሚባሉት ወገኖች ተወልደው የሕንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆኑት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1956 በናግፑር ከተማ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ቡድሂዝም ገቡ። የገቡት ግን የቀድሞ ሕይወት ካርማ የዛሬን ደረጃ ይወስናል የሚለውን ትምህርት በበሩ ላይ ትተው ነው። ይህ ትምህርት ድሃውን በድህነቱ ተጠያቂ አድርጎ ኅብረተሰቡንና መንግሥትን ነጻ የሚያወጣ ነው ብለው አምነው ነበር። ብዙ ወግ አጥባቂ ቡድሂስቶች የአምቤድካርን ንባብ ከትውፊቱ የወጣ ይሉታል። እኔ ለሲቫካ የተሰጠውን መልስ ከእርሳቸው ሐሳብ ጋር ሳስተያየው ርቀቱ የሚባለውን ያህል አይታየኝም።

ከአምቤድካር ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ ሌላም ጥንታዊ ጽሑፍ አለ። ስለ ዓለም ገዢ ንጉሥ የሚተርከው ረጅም ንግግር በኅብረተሰብ ውስጥ ክፋት እንዴት እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። አንድ ንጉሥ ሕዝቡን ይጠብቃል፣ ነገር ግን ለድሆች ሀብት አይሰጥም። ስለዚህ ድህነት ተስፋፋ። ከድህነት የተነሣ አንድ ሰው ሰረቀ፤ ሌባው መኖር ስላልቻልኩ ነው ሲለው ንጉሡ ገንዘብ ሰጠው። ይህን የሰሙ ሌሎች ለማግኘት ሲሉ ሰረቁ፤ ንጉሡ አሁን ደግሞ አንዱን ሌባ በአደባባይ አንገቱን አስቆረጠው። ሕዝቡ ይህን ሲያይ ሰይፍ አስሠራ፣ ከሰረቁ በኋላ እንዳይጋለጡ ባለንብረቱን መግደል ጀመሩ፤ ከግድያው ሐሰት፣ ከሐሰቱ ስም ማጥፋት፣ ከዚያም ዝሙትና ለወላጆች ክብር መንፈግ ተከተሉ። የሰው ዕድሜ ከ80,000 ዓመት እየወረደ 10 ዓመት ደረሰ፤ በመጨረሻም ሰዎች አንዱ ሌላውን እንደ አውሬ እያየ ለሰባት ቀን ተራረዱ። በቁጥሮቹ አንታለል፤ የተረቱ አጥንት የምክንያት ሰንሰለቱ ነው። የመጀመሪያው ቀለበት የድሃው የቀድሞ ሕይወት አይደለም፤ የንጉሡ ቸልተኝነት ነው። ቅጣቱም ክፋቱን አላቆመውም፤ ጭራሽ ሰይፍን ለሕዝቡ አስተዋወቀ። እልቂቱን ያስቆመውም ከላይ የመጣ ኃይል አልነበረም። ገደልም ጫካም ገብተው ተደብቀው ከእልቂቱ የተረፉ ጥቂት ሰዎች ሲወጡ ተቃቅፈው፣ ከእንግዲህ አንግደል ተባባሉ፤ ዕድሜም ከዚያ ተነሥቶ እንደገና አደገ። ክፋት ከማኅበራዊ ሁኔታ እንደሚወለድ እንዲህ አድርጎ የሚተርክ ሌላ የዚያ ዘመን የሃይማኖት ጽሑፍ ቢኖር በጉጉት አነበው ነበር።

ክፉ ስለሠራው ሰው ስናስብ አንጉሊማላን ማለፍ አይቻልም። የገደላቸውን ሰዎች ጣት እንደ ጨሌ በአንገቱ ያሠረው ይህ ሽፍታ ቡድሃን ሊገድል ሲሮጥ በእርጋታ የሚራመደውን መነኩሴ መድረስ አቃተው፤ ቁም ሲለው፣ እኔ ቆሜያለሁ፣ አንተም ቁም የሚል መልስ ሰማ፤ በፍጥረታት ላይ የሚነሣውን እጅ እኔ አቁሜያለሁ ማለቱ ነበር። አንጉሊማላም መነኮሰ፤ ሊይዘው የወጣው ንጉሥ ፓሴናዲም መንኩሶ ሲያገኘው ትቶት ተመለሰ። ለምጽዋት ሲወጣ ግን ድንጋይና ዱላ እየወረደበት ራሱ ተፈንክቶ፣ ደሙ እየፈሰሰ ይመለስ ነበር። ቡድሃም ታገሥ፣ በሲኦል ለብዙ ዘመን የምትቀበለውን አሁን በዚህ ሕይወት እየተቀበልክ ነው አለው። ትረካው ታላቅ ነው፣ ሰው ከምንም ዓይነት ክፋት ሊመለስ እንደሚችል ይመሰክራል። ነገር ግን ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር የሚጎድለኝ ነገር አለ። ድንጋይ የወረወሩት እነማን ናቸው? ጣታቸው የተቆረጠባቸው ሰዎች ልጆችና ሚስቶች ከመካከላቸው የሉምን? ጽሑፉ የገዳዩን መንጻት በዝርዝር ሲነግረን ለሟቾቹ ወገኖች አንድ ቃል አልሰጣቸውም። በቡድሂስት ሥነ ምግባር ውስጥ ትልቅ ክፍተት ሆኖ የማየው ይህን ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በ8ኛው መቶ ዓመት በሕንድ በናላንዳ ገዳም የኖረው መነኩሴ ሻንቲዴቫ ስለ ትዕግሥት ሲጽፍ ሐሳቡን ወደ ሌላ ጫፍ ይወስደዋል። ከባድ ሕመም በሚያመጣብኝ በሐሞቴ ካልተቆጣሁ፣ እርሱም በሁኔታዎች የተነሣሣ ነውና፣ በሁኔታዎች ተነሣሥቶ በሚጎዳኝ ሰው ላይ ስለ ምን እቆጣለሁ ይላል። በመታኝ በትር አልቆጣም፣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነውና፤ ሰውየውን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ጥላቻ ነው፣ ስለዚህ መጥላት ያለብኝ ጥላቻውን ነው። በዚህ መንገድ ሁሉም ሰው በሁኔታዎች የሚገፋ በትር ከሆነ ኃላፊነት የት ይቀራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሻንቲዴቫ ይህን ሳያስብ አልቀረም፤ ሁሉም በሁኔታ ከሆነ ሁኔታውን ማቋረጥም ይቻላል ባይ ነው። ክርክሩ የቁጣን መሠረት ያፈርሳል፣ በዳዩን የማስቆምን ግዴታ ግን አያነሣም። በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1173 እስከ 1263 የኖረው መምህር ሺንራን፣ መልካም ሰው እንኳ ንጹሕ ምድር ወደሚባለው የአሚዳ ቡድሃ ዓለም ከገባ ክፉማ እንዴት አይገባም የሚለውን ቃል አስተማረ፤ በራሱ መልካምነት የሚመካ ሰው በአሚዳ ቡድሃ ርኅራኄ ላይ ለመደገፍ ይዘገያል፣ ክፋቱን ያወቀ ግን ሌላ መደገፊያ የለውም ለማለት ነው። እንግዲያውስ ክፉ እንሥራ የሚሉ ተነሡ፤ ማርከሻ አለ ተብሎ መርዝ አይጠጣም ብሎ መለሰላቸው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው ግን ርኅራኄ ለግድያ ምክንያት ሲሆን ነው። ማሃያና የሚባለው የቡድሂዝም ቅርንጫፍ ካሉት ቅዱሳት ጽሑፎች በአንዱ ውስጥ አንድ የመርከብ አለቃ አለ፤ 500 ነጋዴዎችን ሊገድል ያሰበውን ወንበዴ፣ ነጋዴዎቹን ከሞት፣ ወንበዴውንም ከሲኦል ለማዳን ሲል ራሱ ገደለው፣ የሲኦሉንም ዕዳ በራሱ ላይ ለመውሰድ ፈቀደ። ታሪኩ ለመግደል የሚነሣው ሰው ራሱን እንዲሠዋ ይጠይቃል፤ ታሪኩን ለፖለቲካ የሚጠቅሱት ሰዎች ግን ይህን ግማሹን ይዘሉታል። የስሪላንካው ዜና መዋዕል ማሃቫምሳ ደግሞ ንጉሥ ዱታጋማኒ በጦርነት ስላለቁት ብዙ ሰዎች ሲጸጸት ቅዱሳን መነኮሳት መጥተው እንዳጽናኑት ይተርካል፤ የገደልከው አንድ ተኩል ሰው ብቻ ነው አሉት፣ አንዱ በቡድሃ የተጠጋ፣ ሌላው አምስቱን ሥርዓቶች የተቀበለ፤ የቀሩት ከእንስሳ አይሻሉም። ይህን ስጠቅስ ልቤ ያዝናል፣ ምክንያቱም ከፈቃድ የሚጀምረው ትምህርት የሟቹን ሃይማኖት ወደ መቁጠር ሲወርድ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር ማግኘት አይቻልም። ነገሩም በጥንት ዘመን አልቀረም። የጃፓን የዜን መሪዎች ብዙዎቹ የአገራቸውን የወረራ ጦርነት በቡድሃ ስም ባርከዋል፤ የሶቶ ዜን ቤተ እምነት ስለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከምያንማር ከ700,000 በላይ ሮሂንጊያ የሚባሉ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ አንድ ታዋቂ መነኩሴ በወታደራዊ ሰፈር ለመኮንኖች ሲሰብኩ የጠቀሱት ይህንኑ የአንድ ተኩል ሰው ታሪክ ነበር።

በዚያው ትውፊት ውስጥ ግን የካምቦዲያው መነኩሴ ማሃ ጎሳናንዳም ነበሩ። ክመር ሩዥ የተባለው ኮሚኒስታዊ ቡድን ካምቦዲያን እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 ሲገዛ መነኮሳትን አስገድሏል፣ ልብሰ ምንኩስናቸውን አስወልቋል፣ ቤተ መቅደሶችን እስር ቤትና መጋዘን አድርጓል፤ የማሃ ጎሳናንዳም ቤተሰብ አልቋል። እርሳቸው በታይላንድ ድንበር ወዳሉት የስደተኞች ሰፈሮች ሄደው፣ ጥላቻ በጥላቻ ከቶ አይበርድም፣ ጥላቻ የሚበርደው በፍቅር ነው የሚለውን ጥንታዊ ጥቅስ በሕዝቡ ፊት ዘመሩ፤ ለብዙ ስደተኞች ከዓመታት በኋላ የሰሙት የመጀመሪያው የሃይማኖታቸው ድምፅ ነበር። ከ1992 ጀምሮም ፈንጂ በተቀበረባቸው አውራጃዎች ላይ በየዓመቱ የሰላም የእግር ጉዞ መሩ። በ1994 ተጓዦቹ በተኩስ መካከል ገብተው የሞቱ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም ተጓዙ። በቀልን ከልብ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ቢሆንም ከአንጉሊማላ ታሪክ ጋር ያነሣሁት ጥያቄ እዚህም ይከተለናል። ጥላቻን መተው ለተበዳዩ የሚነገር ትምህርት ነው፤ በዳዩ ለተበዳዩ ምን ዕዳ እንዳለበት፣ እውነቱን የመናገር፣ የመካስ፣ ለፍርድ የመቅረብ ግዴታው ከየት እንደሚመነጭ የጥንቶቹ ጽሑፎች የሚናገሩት ጥቂት ነው። በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው ልዩ ፍርድ ቤት በክመር ሩዥ መሪዎች ላይ ሲፈርድ ከጥቃቱ የተረፉ ሰዎች እንደ ተከራካሪ ወገን ቀርበው እንዲናገሩ ዕድል ሰጥቷል፤ ካርማ ራሱ ይፈርድባቸዋል፣ ፍርድ ቤት ለምን አስፈለገ ያሉም በዚያው አገር ነበሩ። የእኔ አቋም በፍርድ ቤቱ ቀርበው ከተናገሩት ተበዳዮች ጋር ነው፤ ለሲቫካ በተሰጠው ዝርዝር ውስጥ የሌላ ሰው ጥቃት ራሱን የቻለ ምክንያት ሆኖ ከተቆጠረ፣ ጥቃቱን የፈጸመው ሰው በስሙ ተጠርቶ በተጠቂው ፊት መቆም አለበት። ከዚህ ተነሥቶ የተበዳዩን መብት የሚያቋቁም የቡድሂስት የፍትሕ ትምህርት አምቤድካር ጀምረውታል፤ ተሟልቶ ግን ገና አልተጻፈም።